ኳንተም ኮምፒውተር ሳይደርስ፦ የንግድ መረጃን ከወዲሁ መጠበቅ

በኢንተርኔት የሚያልፍ የባንክ ትዕዛዝ፣ የግብር ማስታወቂያ ወይም ውል ምስጢሩ የሚጠበቀው በሒሳብ ነው። ላኪና ተቀባይ በአካል ተገናኝተው የምስጢር ቃል ሳይለዋወጡ፣ ማንም ሊያየው በሚችል መስመር ላይ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ቁልፍ መፍጠር ይችላሉ። ይህን መንገድ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳዩ። በዓመቱ ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ አድልማን ከስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አርኤስኤ የተሰኘውን ዘዴ አስከተሉ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ነጋዴ የባንኩን መተግበሪያ በስልኩ ሲከፍት፣ ስልኩና የባንኩ ሰርቨር ለመተማመን የሚጠቀሙት እነዚህን ዘዴዎች ወይም ከእነሱ የተወለዱትን ነው። ኳንተም ኮምፒውተር የሚያሰጋውም ይህንኑ መሠረት ነው።

የዘዴዎቹ ጉልበት ለመሥራት ቀላል፣ ወደኋላ ለመመለስ ግን እጅግ አድካሚ በሆነ ስሌት ላይ ያርፋል። 89ን በ97 ማባዛት ለተማሪ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ውጤቱ 8633 ይሆናል። 8633 ብቻ ተሰጥቶ የትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው እንዳስገኙት ማግኘት ግን ከ2፣ ከ3፣ ከ5፣ ከ7 ጀምሮ አንድ በአንድ መሞከርን ይጠይቃል። ብዙ ተቋማት በሚጠቀሙበት የ2048 ቢት አርኤስኤ ውስጥ ያለው ቁጥር 617 አሃዝ አለው። ዛሬ ያሉት መደበኛ ኮምፒውተሮች በሙሉ ቢረባረቡበት እንኳ በሰው ዕድሜ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1994 በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር ግን ሌላ በር እንዳለ አሳየ። ያስተዋለው ነገር በትንሽ ቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 21 ይወሰድ። ከ2 ተነስቶ በ2 እየተባዛ ይሂድ፤ ውጤቱ ከ21 ሲበልጥ 21 ይቀነስና ቀሪው ብቻ ይያዝ። 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይላል፤ ቀጥሎ ከ32 ላይ 21 ሲቀነስ 11፣ ከዚያም ከ22 ላይ 21 ሲቀነስ 1 ይመጣል። ከ1 በኋላ እንደገና 2፣ 4፣ 8 እያለ ያንኑ ይደግማል፤ ዙሩ በስድስት እርምጃ ይገጥማል። የስድስት ግማሽ ሦስት ነው፤ በሦስተኛው እርምጃ ላይ የተገኘው ቁጥር ደግሞ 8። ከ8 ላይ አንድ ሲቀነስ 7፣ አንድ ሲጨመርበት 9። 7 ራሱ የ21 አካፋይ ነው፤ 9ና 21 የሚጋሩት አካፋይ ደግሞ 3 ነው። 21 ማለት 3 ሲባዛ በ7 መሆኑ፣ አንድ በአንድ ሳይሞከር፣ ከዙሩ ርዝመት ብቻ ወጣ።

617 አሃዝ ባለው ቁጥር ላይ ይህን የዙር ርዝመት ማግኘት ለመደበኛ ኮምፒውተር ከማካፈል ሙከራው ያልተናነሰ መከራ ነው። ለኳንተም ኮምፒውተር ግን አይደለም። የዚህ ማሽን መሥሪያ ኪዩቢት ይባላል፤ 0ንና 1ን በአንድነት ደባልቆ መያዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ሁሉንም መልስ ባንዴ ሞክሮ ትክክለኛውን የሚመርጥ ማሽን አይደለም። የሚያደርገው፣ የኪዩቢቶቹን ሁኔታ እንደ ውሃ ሞገድ እርስ በርስ እያጋጠመ ከዙሩ ጋር የማይስማሙት መልሶች እንዲጠፋፉ፣ የሚስማሙት እንዲጎሉ ማድረግ ነው። የሾር ስሌት ለዚህ ጠባይ የተሰፋ ነው፤ በዲፊና ሄልማን ዘዴም ሆነ ኤሊፕቲክ ከርቭ በሚባለው አዲሱ ዝርያ ላይ በእኩል ይሠራል።

ስጋቱ ግን ሁሉንም ምስጠራ አይነካም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ከአላስፈላጊ ድንጋጤም ከአላስፈላጊ ወጪም ያድናል። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቁልፍ ቀድሞ የሚይዝባቸው ዘዴዎች፣ ከእነሱም ዋናው ኤኢኤስ፣ በሾር ስሌት አይፈቱም። ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበው ሌላ የኳንተም ስሌት የቁልፉን ጥንካሬ በንድፈ ሐሳብ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ባለ 256 ቢት ቁልፍ መጠቀም። የስልክ ሲም ካርድ ከቴሌ ጋር የሚተዋወቅበትም መንገድ ከዚህ ወገን ነው። ስለዚህ የጎዛምን ወረዳ ገበሬ በተራ ስልኩ *127# ብሎ በቴሌብር ገንዘብ ሲልክ፣ ከስልኩ እስከ ምሰሶው ባለው መንገድ ላይ ኳንተም ኮምፒውተር የሚጨምረው አዲስ አደጋ ጥቂት ነው። አደጋው ያለው ከዚያ ወዲያ፣ ሰርቨር ከሰርቨር፣ ባንክ ከባንክ፣ መተግበሪያ ከማዕከል በሚነጋገሩበት መስመር ላይ ነው።

ማሽኑ ዛሬ የት ደርሷል? የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በሰባት ኪዩቢት 15ን ወደ 3ና 5 ፈቱ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 1,121 ኪዩቢት ያለውን ኮንዶር የተባለ ቺፕ አስተዋወቀ። ጎግል በዓመቱ ባለ 105 ኪዩቢቱን ዊሎው ሲያሳይ ዋናው ወሬ የቁጥሩ ብዛት አልነበረም፤ ኪዩቢቶቹ ሲጨመሩ ስህተቱ እየቀነሰ መሄዱ ነበር። የኪዩቢት ትልቁ ችግር በቀላሉ መሳሳቱ ነውና ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በሌላ በኩል ለሰበራው የሚያስፈልገው ማሽን ግምት እያነሰ መጥቷል። የጎግሉ ክሬግ ጊድኒና ማርቲን ኤኬሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሰሉት መሠረት የ2048 ቢት አርኤስኤን በስምንት ሰዓት ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢት ያስፈልግ ነበር። ጊድኒ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባወጣው አዲስ ስሌት ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ ኪዩቢት ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ይበቃል አለ። ዛሬ ካሉት ማሽኖች እስከዚያ ያለው ርቀት አሁንም ሰፊ ነው፤ ሆኖም እየጠበበ ያለው ከሁለቱም ጫፍ ነው።

ማሽኑ እስኪሠራ መጠበቅ የማይቻለው፣ ምስጢር የሚሰረቀው ከመፈታቱ በፊት ስለሆነ ነው። የተመሰጠረ መልእክት ዛሬ ከመስመር ላይ ተቀድቶ ይቀመጣል፤ የሚፈታው ማሽኑ ሲገኝ ነው። ማከማቻ ዲስክ ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ያለው መንግሥታዊ ሰላይም ሆነ ተፎካካሪ ይህን ከማድረግ የሚያግደው ነገር የለም። የተቀዳን መልእክት በኋላ መልሶ መመስጠር አይቻልም። ለኢትዮጵያ ተቋማት ጉዳዩን የሚያከብደው የአገሪቱ አቀማመጥ ነው። ባሕር በር የሌላት አገር ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ፣ በዋናነት በጅቡቲና በኬንያ በኩል በሚያልፍ ፋይበር ነው። ከደብረ ማርቆስ የተላከ ኢሜይል ተቀባዩ እዚያው ከተማ ውስጥ ቢሆንም፣ የኢሜይል አገልግሎቱ ሰርቨር ውጭ አገር ከሆነ የአባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ድንበር አልፎ፣ ባሕር አቋርጦ ነው ተመልሶ የሚመጣው።

ካናዳዊው የምስጠራ ተመራማሪ ሚሼል ሞስካ ተቋማት ጊዜያቸውን የሚያሰሉበት ቀላል መንገድ አስተዋውቋል። ሦስት የጊዜ ርዝመቶች ይታያሉ፤ መረጃው ምስጢር ሆኖ መቆየት ያለበት ዘመን፣ ሥርዓቱን ወደ አዲስ ምስጠራ ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜ፣ ሰባሪው ማሽን እስኪገኝ የሚቀረው ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምር ሦስተኛውን ከበለጠ ተቋሙ አርፍዷል። ሦስተኛውን ማንም በእርግጠኝነት አያውቀውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን እያንዳንዱ ተቋም ስለራሱ ሊያውቅ ይችላል፣ ሊያውቅም ይገባል። አንድ የእህል ነጋዴ ለጨረታ ያስገባው ዋጋ ፖስታው እስኪከፈት ምስጢር ከሆነ ይበቃል። የሆስፒታል የሕክምና መዝገብ ግን የበሽተኛውን ዕድሜ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ አለበት።

ደብረ ማርቆስ በምትገኝበት በምሥራቅ ጎጃም ከሁሉም ይልቅ ዕድሜ ያለው መረጃ የመሬት መዝገብ ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን መዝግቦ ደብተር መስጠት ሲጀምር፣ በስዊድን ድጋፍ ሙከራው ከተካሄደባቸው ሁለት ወረዳዎች አንዱ ደብረ ማርቆስን የከበበው ጎዛምን ነበር፤ ሌላው ደሴ ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው ምዝገባ በገመድ ልኬትና በጎረቤት ምስክርነት ተከናውኖ በወረቀት መዝገብ ሰፈረ። ሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን ማሳ በካርታ አስቀምጦ ወደ ኮምፒውተር አስገባው። አሁን በይዞታው የመጠቀም መብትን ዋስትና አስይዞ መበደር በሕግ ተፈቅዷል፤ ስለዚህ የመሬት መዝገቡ የግብርና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአበዳሪዎችም የሥራ መረጃ ሆኗል።

ጎጃም ውስጥ መሬትን የመመዝገብና የመለካት ነገር ምን ያህል ከእምነት ጋር እንደተቆራኘ ታሪክ ይመሰክራል። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በሞጣና በዳሞት በኩል የተነሳው የገበሬዎች አመፅ ከግብሩ እኩል መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው በሚል ስጋት የተቀጣጠለ ነበር። እንዲህ ያለ ትዝታ ባለበት አገር የዲጂታል መዝገብ ተአማኒነት ለድርድር አይቀርብም። በመዝገቡ ላይ ትልቁ አደጋ ምስጢሩ መውጣቱ አይደለም፤ የማሳው ድንበር ከማን ጋር እንደሚዋሰን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። አደጋው መለወጡ ነው። መዝገቡ እንደ አርኤስኤ ባለ ዘዴ በሚሠራ ዲጂታል ፊርማ የሚጠበቅ ከሆነና የፊርማው ስሌት ከተሰበረ፣ ከ20 ዓመት በፊት የተፈረመ የሚመስል ሐሰተኛ ውርስ ወይም ኪራይ ማዘጋጀት ይቻላል፤ እውነተኛውንና ሐሰተኛውን ከፊርማው ብቻ የሚለይ አይኖርም።

ምስጢርን ከመጠበቅና ፊርማን ከመጠበቅ የትኛው ይቀድማል የሚለው መልስ ከዚህ ይወጣል። የመስመር ላይ ምስጢር ዛሬ ተቀድቶ ነገ ስለሚፈታ፣ የቁልፍ መለዋወጫው አሁኑኑ መቀየር አለበት። ፊርማ ግን ሰባሪው ማሽን ከመገኘቱ በፊት ሊጭበረበር አይችልም፤ ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ያም ሆኖ ለዓመታት የሚቆዩ ሰነዶች በአዲሱ ፊርማ እንደገና መፈረምና መቼ እንደተፈረሙ የሚያረጋግጥ የጊዜ ማኅተም ማግኘት ይኖርባቸዋል፤ ይህም አሮጌው ፊርማ ገና ታማኝ ሳለ መደረግ ያለበት ነገር ነው።

ከመሬቱ ቀጥሎ የሚያሳስበው የሰው መረጃ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የታቀፈው ፋይዳ የተመዝጋቢውን የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይይዛል። ባንኮች የደንበኞቻቸውን ሂሳብ ከፋይዳ ጋር እያገናኙ ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ካርድ ቢጠፋ ሌላ ይሰጣል። አሻራና አይሪስ ግን በሕይወት ዘመን አይለወጡም። ዛሬ የ20 ዓመት ወጣት የሆነ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሰጠው አሻራ ከ40 ዓመት በኋላም የእሱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዙ ተቋማትን ለደህንነቱ ተጠያቂ ያደርጋል፤ እንዲህ ላለው ረጅም ዕድሜ ላለው መረጃ ተጠያቂነቱ የዛሬን ሰባሪ ብቻ አስቦ የሚወጡት አይደለም።

አዲሱ መከላከያ ተዘጋጅቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኒስት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዓለም ተመራማሪዎች ጥሪ አድርጎ ለስምንት ዓመት ሲያስፈትን ቆየ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሦስት ደረጃዎችን አጸደቀ። ኤምኤል ኬም ለቁልፍ መለዋወጫ፣ ኤምኤል ዲኤስኤና ኤስኤልኤች ዲኤስኤ ለፊርማ ናቸው። እነዚህ በኳንተም ማሽን የሚሠሩ አይደሉም፤ በተራ ስልክና በተራ ሰርቨር የሚሠሩ፣ ግን ከቁጥር መፍታት ሌላ በሆነ፣ የሾር ስሌት በማይደርስበት ሒሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። ፈተናው ለምን እንዳስፈለገ ሳይክ የተባለው ተወዳዳሪ ዕጣ ያስረዳል። ከመጨረሻዎቹ ዙሮች የደረሰ ዘዴ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የቤልጅየሙ የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ ተራ ኮምፒውተር በአንድ ሰዓት ገደማ ሰበሩት። ኳንተም ማሽን እንኳ አላስፈለጋቸውም። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ተቋማት አሮጌውንና አዲሱን ዘዴ አጣምረው ይጠቀማሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል።

ጥምሩ ዘዴ ብዙ ሰው ሳያውቀው እጁ ላይ ደርሷል። የክሮም ማሰሻ ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ሰርቨሩ ከተቀበለው በራሱ ይጠቀምበታል። ሲግናል በ2023፣ የአፕል አይሜሴጅ በ2024 ጨምረውታል። ሰርቨር አስተዳዳሪዎች በየቀኑ የሚሠሩበት ኦፕንኤስኤስኤች ከ2022 ጀምሮ፣ አብዛኛው የድረ ገጽ ሰርቨር የሚደገፍበት ኦፕንኤስኤስኤል ደግሞ ከ2025ቱ 3.5 እትም ጀምሮ ይዘውታል። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ለአነስተኛ ድርጅት ከዝግጅቱ ትልቁ ክፍል አዲስ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ያለውን ሶፍትዌር በወቅቱ ማዘመን መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ችግሩ ማዘመኑ ራሱ ነው። በበርካታ ቢሮዎች ያሉት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ 7 ወይም 10 ነው፤ ለ10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚሠሩ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ማዘመኛ ሳያገኙ ቆይተዋል። አዲሱ ዘዴም በባሕርዩ ይከብዳል። አሮጌው የኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፍ 32 ባይት ሲሆን፣ የኤምኤል ኬም መካከለኛ ደረጃ ቁልፍ 1,184 ባይት ነው፤ የአዲሱ ፊርማ መካከለኛ ደረጃም 3,309 ባይት ይደርሳል። ፎቶ በሚላላክበት ዘመን ይህ ኢምንት ነው። ሆኖም የመክፈቻው መልእክት በአንድ ጥቅል መረጃ አልገባ ብሎ ለሁለት ስለሚከፈል፣ ክሮም ሲጀምረው አንዳንድ አሮጌ ሰርቨሮችና የኔትወርክ መሣሪያዎች ሁለተኛውን ክፍል ሳይጠብቁ ግንኙነቱን ያቋርጡ ነበር። በቅርንጫፍ ቢሮ ያለው ያረጀ ራውተር ወይም ፋየርዎል እንዲህ ያደርግ እንደሆነ የሚታወቀው በመሞከር ብቻ ነው፤ ሙከራው ደግሞ ደንበኛ በተሰለፈበት ቀን ባይሆን ይመረጣል።

ዝግጅት የሚጀምረው ከቆጠራ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍና ስንዴ የሚሰበስብ፣ አዲስ አበባ መጋዘን ያለው አንድ ድርጅት እንደ ምሳሌ ይታይ። ሒሳቡ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ተይዟል፤ የደንበኞቹ ዝርዝር በኤክሴል ነው። ክፍያ በባንክ መተግበሪያና በቴሌብር ይፈጸማል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በውስጡ ባለው ሲም ለገቢዎች መረጃ ይልካል። ውሎች፣ የንግድ ፈቃድ ኮፒና የአቅራቢ ገበሬዎች መታወቂያ በቴሌግራም ይላላካሉ። ባክአፑ በአንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ ሆኖ በሒሳብ ሹሙ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሦስት ነገር ይጻፋል፤ መረጃው ስንት ዓመት ምስጢር ወይም ሳይለወጥ መቆየት አለበት፣ በየትኛው መስመር ያልፋል፣ ሶፍትዌሩን የሚያዘምነው ማን ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ባለቤቱ ምናልባት የሚደነግጠው በኳንተም አይደለም። የቴሌግራም መደበኛ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ የሰዎች መታወቂያ ምስል በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በመሳቢያው ያለው ዲስክ ጭራሽ ያልተመሰጠረ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለመዝጋት ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዲስኩን በባለ 256 ቢት ኤኢኤስ መመስጠርም ከኳንተሙ ስጋት አስቀድሞ ያወጣዋል።

የብዙ ሰው መረጃ የሚይዙ ተቋማት ሸክም ከዚህ ይከብዳል። የቀድሞው አብቁተ፣ የአሁኑ ፀደይ ባንክ፣ በክልሉ ገጠር ድረስ የዘለቀ የብድርና የቁጠባ ታሪክ አለው፤ እንደ ጎዛምን ያሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም የብዙ አባላትን የማዳበሪያ፣ የብድርና የምርት መዝገብ ይይዛሉ። እንዲህ ያሉ ተቋማት ምስጠራውን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ኮር ባንኪንጉን፣ ኤቲኤሙን፣ ፖስ ማሽኑን ከአቅራቢ ነው የሚገዙት። ስለዚህ ጉልበታቸው ያለው ውሉ ላይ ነው። ዛሬ የተገዛ ኤቲኤም ለአሥር ዓመት ያህል ግድግዳ ላይ ይቆያል። በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አቅራቢው የኒስትን አዲስ ደረጃዎች መቼ እንደሚያስገባ በቀን እንዲገልጽ፣ የምስጠራ ዘዴው ማሽኑ ሳይነቀል በሶፍትዌር ብቻ የሚቀየር እንዲሆን፣ ለማሽኑ የሚላኩ ማዘመኛዎች በምን ፊርማ እንደሚፈረሙ የሚጠይቁ ሦስት አንቀጾች ማስገባት ወጪው ትንሽ ነው። ከግዢ በኋላ ያንኑ መጠየቅ ግን አዲስ ማሽን የመግዛት ያህል ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የዲጂታል ሥርዓት አብዛኛው ገና እየተገዛና እየተተከለ ያለ መሆኑ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ ቴሌብር እንኳ የተጀመረው ገና በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የ40 ዓመት አሮጌ ሥርዓት የሚጎትቱ የአውሮፓ ባንኮች ይህ ዕድል የላቸውም።

ግፊቱ ከውጭም ይመጣል። ኒስት በኅዳር 2017 ዓ.ም. ባወጣው ረቂቅ ባለ 2048 ቢት አርኤስኤን ከእ.ኤ.አ. 2030 በኋላ የማይመከር፣ ከ2035 በኋላ የተከለከለ ለማድረግ አቅዷል። የብሪታንያ የሳይበር ደህንነት ማዕከል ተቋማት እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ቆጠራውን፣ እስከ 2031 ዋና ዋናውን፣ እስከ 2035 ሁሉንም እንዲጨርሱ ጠይቋል። ኤልሲ ከፍቶ ማሽን የሚያስመጣ የደብረ ማርቆስ ፋብሪካ ከውጭ ባንኮች ጋር የሚገናኘው በአገር ውስጥ ባንኩ በኩል ነው፤ የውጭዎቹ አሮጌውን ግንኙነት አንቀበልም ማለት ሲጀምሩ ነገሩ የአገር ውስጡንም ባንክ ደጃፍ ያንኳኳል። የድረ ገጽን ማንነት የሚያረጋግጡ ሰርተፊኬቶችም ዕድሜ በዓለም አቀፍ ስምምነት እያጠረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። ሰርተፊኬት በእጅ እያደሰ የሚኖር ተቋም ከዚያ በፊት እድሳቱ በራሱ የሚሄድበትን ሥርዓት መዘርጋት ይኖርበታል፤ ያ ሥርዓት ደግሞ ወደ አዲሱ ፊርማ ለመሸጋገር የሚያስፈልገው ያው ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ነጋዴዎችም መምጣታቸው አይቀርም። በኳንተም የማይሰበር የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ ስሙ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ የትኛውን ደረጃ እንደሚከተል መጠየቅ ይገባል። ቁልፍ በብርሃን ቅንጣት የሚያስተላልፉ ውድ መሣሪያዎችም አሉ፤ የብሪታንያው ማዕከልም ሆነ የአሜሪካው ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ በእነሱ ፋንታ በሶፍትዌር የሚመጡትን አዲስ ደረጃዎች ይመክራሉ። ለአነስተኛ የንግድ ተቋም ያ ገንዘብ ከመጥፋቱ በፊት ብዙ የሚቀድም ነገር አለ። ዛሬ የሰው ሂሳብ የሚራቆተው ሒሳብ ተሰብሮ አይደለም፤ ደውሎ ከባንክ ነኝ ባለ አጭበርባሪ፣ ለሦስት ሠራተኛ በተሰጠ አንድ የይለፍ ቃል፣ ከሥራ ለለቀቀ ሰው ተሰጥቶ ሳይዘጋ በቀረ መግቢያ ነው።

በአገር ደረጃ ቁልፉ ቦታ የዲጂታል ፊርማ ሥርዓቱ ራስ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሌሎቹ ፊርማዎች ሁሉ የሚደገፉበትን የሥር ሰርተፊኬት የመስጠት ሥልጣን ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለሚባለው ተቋም ሰጥቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና አጎናጽፏል። ፍርድ ቤት ፊት የሚቀርብ ዲጂታል ውል የሚጸናው ከታች እስከ ላይ ያለው የፊርማ ሰንሰለት ከጸና ነው። የሥር ሰርተፊኬቶች በተለምዶ ከአሥር እስከ 20 ዓመት እንዲያገለግሉ ሆነው ስለሚወጡ፣ ቀጣዩ ሲወጣ በየትኛው ዘዴ እንደሚፈረም የሚወሰነው ውሳኔ ከእ.ኤ.አ. 2035 ወዲያ ይዘልቃል። አስተዳደሩና ብሔራዊ ባንክ ለባንኮችና ለክፍያ ተቋማት የሽግግር የጊዜ ሰሌዳ ቢያወጡ፣ አቅራቢዎችን በየፊናው ከመለመን ይልቅ በአንድ ድምፅ መጠየቅ ይቻላል። በአካባቢው ደግሞ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በከተማዋ ቢሮዎችና ድርጅቶች ቆጠራ ላይ ቢያደርጉት፣ ባለሙያ መቅጠር የማይችሉት ተቋማት ምን መረጃ እንደያዙ፣ በምን እንደተመሰጠረና መጀመሪያ የሚቀየረው የትኛው እንደሆነ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በጽሑፍ ያገኙታል።